ያበጠ እግር ሁሉ ዝሆኔ አይደለም

በጎጃም ደጋ ያደገ ሰው ያበጠ እግር ባየ ቁጥር መጀመሪያ አፉ ላይ የሚመጣለት ስም ዝሆኔ ነው። ለዚህም በቂ ምክንያት አለው፤ በቀይ ሸክላ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግሩ ሲያርስ የኖረ ሰው፣ በተለይ በዘሩ ተጋላጭ ከሆነ፣ የአፈሩ ረቂቅ ቅንጣቶች በቆዳው ዘልቀው የሊምፍ ቧንቧዎቹን (ትርፍ ፈሳሽን ከእግር የሚያነሡትን) ይጎዱበታል። ምሥራቅም ሆነ ምዕራብ ጎጃም ይህ ሕመም በብዛት ከሚታይባቸው አካባቢዎች ናቸው። የሚያሳስበኝ ግን ይኸው ስም ሌሎቹን የደም ሥር ሕመሞች እየሸፈነ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ሊያየው የሚገባውን ሰው ቤት ማስቀረቱ ነው።

ዝሆኔ ቀስ ብሎ የሚመጣ ሕመም ነው። ከጣቶችና ከመርገጫ ጀምሮ በወራትና በዓመታት ወደ ላይ ይወጣል፤ ከጉልበት የሚያልፈው እምብዛም ሲሆን፣ እኩል ባይሆንም አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም እግር ይይዛል። (ተስፋ የሌለው ሕመም ተደርጎ መታየቱም ልክ አይደለም፤ እግርን በሳሙና አዘውትሮ መታጠብ፣ ቫዝሊን መቀባትና ጫማ ማድረግ ብዙ ለውጥ ያመጣል።) በጥልቅ ደም መልስ (ደምን ወደ ልብ በሚመልሰው የውስጥ ሥር) ውስጥ ደም ሲረጋ ግን ትናንት ደህና የነበረ አንድ እግር ዛሬ ባቱ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ሲነካም ያማል። ይህ በተለይ የሚያሰጋው ስብራት ወይም ቀዶ ሕክምና አልጋ ላይ ያዋለውን ሰው፣ የካንሰር ሕመምተኛን፣ ነፍሰ ጡርንና አራስን ነው።

የወንድሜ ሚስት አራስ ሳለች ግራ እግሯ በድንገት ሲያብጥ ከጎረቤቱ ከፊሉ ምች ነው፣ ከፊሉ ዝሆኔ ነው አለ፤ እናቴም በቅቤ ልታሻት ቀርባ ነበር። «እማዬ፣ አትሺው፤ መጀመሪያ ሐኪም ይየው» አልኳት፤ የረጋ ደም ያለበት እግር ሲታሽ ጓሉ ተላቆ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላልና። ባሕር ዳር በአልትራሳውንድ ሲያዩዋት አጠገቧ ነበርሁ። ብሽሽቷ ላይ ሁለት ጥቁር ክቦች ጎን ለጎን ታዩ፤ አንደኛው፣ ደምን ከልብ የሚያመጣው ደም ቅዳ፣ ይመታል። ጤነኛ ደም መልስ በመሣሪያው ጫን ሲሉት ጎኖቹ ተጣብቀው ከስክሪኑ ይጠፋል፤ የእሷ ግን ሐኪሙ ቢጫነውም ክብ እንደሆነ ቀረ። ምርመራው ይኸው ነበር፤ መርፌም ሆነ ጨረር አላስፈለገውም።

ሕክምናው ሰዎች «ደም ማቅጠኛ» በሚሉት መድኃኒት ነው፤ የረጋውን ደም ባያሟሟም እንዳይጨምር ይገታዋል፤ ቀሪውን ሰውነት በራሱ ያጠራል። በሄፓሪን መርፌ ተጀምሮ በዋርፋሪን እንክብል ቢያንስ ለ3 ወር ይቀጥላል፤ ሁለቱም ጡት ማጥባትን አይከለክሉም። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው የደሙ መርጊያ ጊዜ በየጊዜው እየተለካ፣ አይ ኤን አር የሚባለው ቁጥር ከ2 እስከ 3 ባለው ውስጥ መቆየት አለበት። በእኛ አገር ይህን ቁጥር ከሚያናጉት ነገሮች አንዱ ጎመን ነው፤ ቫይታሚን ኬ ስላለው በጾም ወራት በየቀኑ ሲበላ የመድኃኒቱን ኃይል ያዳክማል፤ ፋሲካ ሲደርስና ጎመኑ ሲቀር ደግሞ ደሙ ከልክ በላይ ሊቀጥን ይችላል። መፍትሔው ጎመንን መተው ሳይሆን መጠኑን ዓመቱን ሙሉ ተቀራራቢ ማድረግ ነው። ዳይክሎፌናክን የመሰለ ማስታገሻ ከሱቅ ገዝቶ መደረብ ግን ለመድማት ይዳርጋል።

የደም ቅዳ መጥበብ ደግሞ ሌላ ነው፤ እዚህ እብጠት ዋናው ምልክት አይደለም። ገበያ ሲሄድ ዳገቱ ላይ ባቱን ጨምድዶ የሚይዘው፣ ቆም ሲል የሚተወው፣ በተለይ ስኳር ያለበት ወይም ሲጋራ የሚያጨስ ሰው የቁርጭምጭሚቱ የደም ግፊት ለክንዱ የደም ግፊት ተካፍሎ ይነጻጸርለት፤ ውጤቱ ከ0.9 በታች ከሆነ ደም ቅዳው ጠቧል ማለት ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ እግር ጠበቅ ያለ ፋሻ ማሰር አደገኛ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው እግር በድንገት ሲገረጣ፣ ሲቀዘቅዝና ሲደነዝዝ ነው፤ ያን ጊዜ ደም ቅዳው ተዘግቷልና እግሩን ለማትረፍ ያለው ጊዜ 6 ሰዓት ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን መኪና ተፈልጎ በቀጥታ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።