«ፖስታውን ከፈቱት?»፦ የጋዜጠኛ ፊልሞችን በብዕርና በወረቀት ማየት

ስለ ጋዜጠኞች የተሠሩ ፊልሞችን ማስታወሻ እየያዝን ማየት ከጀመርን ከረምረም ብለናል። ማራኪ የሚባለው ሰፈር አንድ ጓደኛችን ቤት እንሰበሰባለን። መብራት ከሄደ የላፕቶፑ ባትሪ እስኪያልቅ እናያለን። የያዝነው ጥያቄ አንድ ነው፤ ፖለቲከኛ ሕዝብን በፍርሃት ሲነዳ ጋዜጠኛ ምን ማድረግ ይችላል?

እስካሁን ብዙ ያስተማረኝ በ2005 የወጣው የጆርጅ ክሉኒ «ጉድ ናይት ኤንድ ጉድ ላክ» ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከማየታችሁ በፊት ታሪኩን ትንሽ አንብቡ፤ አለበለዚያ ስሙ ይበዛባችኋል። የአሜሪካው ሴናተር ጆሴፍ ማካርቲ በ1950 «መንግሥት ውስጥ የተሰገሰጉ ኮሚኒስቶች ስም ዝርዝር በእጄ ነው» ብሎ ተነሣ። ዝርዝሩን ግን አላሳየም። ቁጥሩም በየንግግሩ ይለዋወጥ ነበር። እንዲህም ሆኖ ስንቱ ሰው ከሥራው ተባረረ!

እኔን የያዘኝ የማይሎ ራዱሎቪች ጉዳይ ነው። የአየር ኃይል ተጠባባቂ መኮንን ነው። በራሱ ታማኝነት ላይ የቀረበ ክስ የለም። ኮሚኒስቶችን ይደግፋሉ በተባሉት አባቱና እህቱ የተነሣ ግን «ለአገር ደኅንነት ያሰጋል» ተባለ። ማስረጃው በታሸገ ፖስታ ውስጥ ነው፤ እሱም ጠበቃውም አላዩትም። የፊልሙ ዋና ባለታሪክ፣ የሲቢኤስ ቴሌቪዥን ጋዜጠኛው ኤድዋርድ መሮው ይህን በጥቅምት 1953 ለሕዝብ አቀረበው። በቀጣዩ ወር አየር ኃይሉ ውሳኔውን ሻረ።

መሮው በዚያ ፕሮግራም ከትንቢተ ሕዝቅኤል «ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም» የሚለውን ይጠቅሳል። እኔ ጮክ ብዬ እየተረጎምኩ ነበር። ቡና የሚያፈሉልን የጓደኛዬ እናት ከረከቦቱ ሥር ሆነው «አባትም የልጁን ኃጢአት አይሸከምም» ብለው ጨረሱት። ቀጥለውም «ቆይ ልጄ፣ ፖስታውን ከፈቱት?» አሉኝ። «አልከፈቱትም እትዬ» አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ማስታወሻዬ ላይ አዲስ ዓምድ አለ፦ ማስረጃው ታየ ወይስ ተወራ? ቴሌግራም ላይ «ሰነዱ እጃችን ገብቷል» የሚል ነገር ሲመጣም ከመካከላችን አንዱ ይህንኑ ጥያቄ ያነሣል።

ወደ አሠራሩ ስመጣ፣ ማካርቲን የሚጫወት ተዋናይ የለም። የምናየው ራሱን ነው፤ የዘመኑ ቀረጻ ነው። ፊልሙ በቀለም ተቀርጾ ወደ ጥቁርና ነጭ የተለወጠው ከዚያ ቀረጻ ጋር እንዲዋሐድ ይመስለኛል። መሮውም መጋቢት 9 ቀን 1954 ባቀረበው ዝነኛ ፕሮግራም ያደረገው ይህንኑ ነበር፤ አብዛኛውን ሰዓት ለማካርቲ ለራሱ ንግግር ሰጠና ከእውነታው ጋር አስተያየው። ይህን ክፍል ደጋግሜ እያቆምኩ አየሁት። ስድብ የለበትም። ጩኸት የለበትም። እኔ ድፍረት የምለው ይህን ነው።

ድፍረቱ ደግሞ ዋጋ ያስከፍል ነበር። ጣቢያው ማስታወቂያ ስላላወጣላቸው መሮውና አዘጋጁ ፍሬድ ፍሬንድሊ ለጋዜጣ ማስታወቂያ ከኪሳቸው ከፈሉ። ብቻ አንድ ፕሮግራም ማካርቲን ጣለው ብላችሁ እንዳትወጡ። ከጦር ሠራዊቱ ጋር ያደረገው ክርክር በቴሌቪዥን መታየቱም ጎድቶታል። ሴኔቱ በታኅሣሥ 1954 በ67 ለ22 ድምፅ ሲያወግዘው ብዙ እጅ ገብቶበታል።

የሮብ ራይነርን «ሾክ ኤንድ ኦው»ም አይተናል። ከ2003ቱ የኢራቅ ጦርነት በፊት የአሜሪካን መንግሥት ወሬ ስለተጠራጠሩ የናይት ሪደር (የጋዜጦች ድርጅት) ጋዜጠኞች ነው። ንግግሩ ትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይላል፤ ጉዳዩ ግን ሊታይ ይገባዋል።

ቀጥሎ «ኤ ታውዘንድ ከትስ» ነው፤ ስለ ፊሊፒንሷ ጋዜጠኛ ማሪያ ሬሳና ስለ ፕሬዚዳንት ዱቴርቴ ዘመን በ2020 የወጣ ዘጋቢ ፊልም። እዚህ ፍርሃቱ የሚሠራጨው በፌስቡክ ስለሆነ የማስታወሻ አያያዜን መቀየር አለብኝ። እስከዚያው ለእትዬና ለመሰሎቻቸው የመሮውን ንግግሮች በአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ እያደረግኩ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ረጅም ነው፤ አማርኛው ከስክሪኑ ይተርፍብኛል። ይህን ሥራ የሞከራችሁ ካላችሁ እንዴት እንደምታሳጥሩት ጻፉልኝ።