ሳጥኑ የት ገባ? የጀጎል ቤቶች ቅጽና ኤክስኤምኤል

በጀጎል፣ በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ያሉ ቤቶች የሚመዘገቡበት ቅጽ ዛሬ ሠራ። ከሸዋ በር፣ ከቡዳ በር፣ ከሰንጋ በር፣ ከኤረር በርና ከፋላና በር አንዱ ሲመረጥ በቀጥታ ኤክስኤምኤሉ (ዳታው በታጎች ተከፋፍሎ የሚጻፍበት ፋይል) ውስጥ ይገባል። ቅጹ የተሠራው በኤክስፎርምስ 1.1 (በኤክስኤምኤል የሚጻፍ የቅጽ ቋንቋ) ነው። ብሮውዘሮች በራሳቸው ስለማያነቡት እንዲያነቡት የሚያደርገው ኤክስኤስኤልቲፎርምስ ታክሎበታል። ሞዴሉን (ዳታውና ደንቡ የሚቀመጡበትን ክፍል) እና ባይንዱን (ደንብን ከዳታ ጋር የሚያስረውን) ቶሎ ትለምዱታላችሁ። ግዴታና ገደብ ሁሉ ባይንድ ላይ ይጻፍ፤ በየቦታው የተበተነ ደንብ ቆይቶ ያስለቅሳል።

ጊዜ የሚበላው ሌላ ነው። ሬፉ (ሳጥኑን ወደ ዳታው የሚጠቁመው) ላይ «በር» ብላችኋል፣ ኢንስታንሱ (ዳታው ራሱ) ውስጥም «በር» አለ፣ ሳጥኑ ግን ገጹ ላይ የለም። የስህተት መልእክትም አይመጣም፤ ኤክስፎርምስ የተጠቆመውን ኖድ (አንዱን የዳታ ክፍል) ካጣ ሳጥኑን ዝም ብሎ ይደብቃል። መጀመሪያ መንገዱን እዩ፦ መነሻው ሥሩ ኤለመንት (ሌሎቹን ሁሉ የሚይዘው ታግ፣ እዚህ «ቤት») ስለሆነ «ቤት/በር» ማለት ቤት ውስጥ ሌላ ቤት መፈለግ ነው። መንገዱ ልክ ከሆነ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ኔምስፔስ (ታጉ የየትኛው ቋንቋ እንደሆነ የሚለይ መጠሪያ) ነው። ቅጹን የያዘው ኤክስኤችቲኤምኤል (የድረ ገጽ ቋንቋ) ገጽ አናቱ ላይ የራሱን ኔምስፔስ ያውጃል፣ ውስጡ ያለው ኢንስታንስም ይወርሰዋል። መንገዱ የሚጻፍበት ኤክስፓዝ 1.0 ደግሞ ያለ ቅድመ ቅጥያ (ኔምስፔሱን ወክሎ ከስሙ ፊት የሚገባ አጭር ቃል) የተጻፈን ስም ኔምስፔስ የሌለው አድርጎ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ አይገናኙም።

መድኃኒቱ አንድ ቃል ነው፦ ሥሩ ኤለመንት ላይ ኤክስኤምኤልኤንኤስን (ኔምስፔስ የሚታወጅበትን) ባዶ ጥቅስ ስጡት። ለማረጋገጥ የሥሩን ኔምስፔስ በአውትፑት (ዋጋን ገጹ ላይ በሚያሳየው ኤለመንት) አሳዩ፤ ምንም ካልታየ ድኗል። ዳታው ከሌላ ቢሮ ከነኔምስፔሱ ከመጣ ግን ይህ አይሠራም። ቅድመ ቅጥያ አውጁና መንገዱ ላይ በእያንዳንዱ ስም ፊት ጻፉ። በስም ፈንታ በኮከብ ምልክት (ማንኛውንም ስም የሚወክል) ማለፍን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ያልታሰበ ኖድ ያነሳል።

ታጎቹን በአማርኛ መሰየም የተፈቀደው በኤክስኤምኤል 1.0 አምስተኛ እትም በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። በቀድሞው ደንብ የተሠራ ፓርሰር (ኤክስኤምኤል አንባቢ ፕሮግራም) ይጥላቸዋል፣ ስለዚህ በላቲን መጻፉ ይሻላል። ያሳዝናል፣ ግን እንደዚያ ነው።

ቀን ላይ ገና አልረካሁም። ዓይነቱ ዴት (በፈረንጅ አቆጣጠር የሚነበብ ቀን) ከተባለ ጥቅምት 30 «2017-02-30» ሆኖ ሲገባ ውድቅ ይደረጋል፤ ጳጉሜንም 13ኛ ወር ስለሆነ አያልፍም። እነዚህስ ይታያሉ። መስከረም 1 ግን «2017-01-01» ተብሎ ያለ ችግር ያልፍና ጃንዋሪ 1 ሆኖ ይቀመጣል። ለጊዜው ሁለት ኖድ አለ፦ ጸሐፊው የጻፈው እንዳለ በስትሪንግ (በተራ ጽሑፍ)፣ በጃቫስክሪፕት ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር የተቀየረው በዴት። ስሌቱን በሁለት ቀን ፈትኑት፦ መስከረም 1 ቀን 2016 «2023-09-12»፣ መስከረም 1 ቀን 2017 «2024-09-11» መውጣት አለበት።