ሴንሰሬን ያዳነው የሻይ ብርጭቆ

ድንች ሲጠወልግ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የውሃ ጥም ነው። እኩለ ቀን ላይ ቅጠሉ ይተኛል፣ ማታ ቀና ይላል፣ አረንጓዴነቱንም አይለቅም። ስለዚህ ውሃ ይለቀቅለታል። ነገሩ የባክቴሪያ አጠውልግ ከሆነ ግን ያው ውሃ በሽታውን ተሸክሞ ወደሚቀጥለው መደብ ይወርዳል። መድኃኒት የሚባል ነገር የለውም። ያለው አማራጭ ቶሎ ለይቶ መንቀልና ንጹሕ ዘር መትከል ነው። እኔም ይሄን እዚያው ማሳው ላይ በደቂቃዎች የሚለይ ሴንሰር ልሠራ ተነሳሁ።

የስኳር መለኪያ አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ጣት ይወጋል፣ ጠብታ ደም ስትሪፑ ላይ ይደረጋል፣ ቁጥር ይመጣል። እሱም ኤሌክትሮኬሚካል ሴንሰር ነው፤ መነሻው እነ ሊላንድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1962 ያወጡት ሐሳብ ነው። የኔም ስትሪፕ ከዚያ ብዙ አይርቅም። በካርቦን ቀለም ሦስት ኤሌክትሮዶች የታተሙበት ቁራጭ ፕላስቲክ ነው። ዋናው ኤሌክትሮድ ላይ አጠውልጉን የሚያመጣውን፣ ራልስቶንያ የሚባለውን ባክቴሪያ ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ የሚባል ፕሮቲን ለጠፍኩ። ናሙናውን አድርጌ ካጠብኩት በኋላ ፌሪሳይናይድ የሚባል ጨው የሟሟበት ቢጫ ውሃ ጠብ አደርግበታለሁ። ከዚያ ፖቴንሽዮስታት በምትባል ትንሽ መሣሪያ፣ ከስልኬ ጋር አያይዤ፣ የሚያልፈውን ከረንት እለካለሁ። ባክቴሪያው አንቲቦዲው ላይ ከተቀመጠ መንገዱን ይዘጋል፣ ከረንቱ ይወርዳል። ይኸው ነው።

ድሬዳዋ ላይ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ የተገደለ ባክቴሪያ ባፈር በሚባል ንጹሕ የጨው ውሃ በጥብጬ ስሞክረው ምንም አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ዱቄት ወተት ነው፤ ባዶ የቀረውን የስትሪፑን ቦታ ለመሸፈን ቅባት የሌለው ዱቄት ወተት ያስፈልጋል፣ የቀፊራን ገበያ ሙሉ ዞሬ ያገኘሁት ግን ሁሉም ባለ ሙሉ ቅባት ነበር። አንዷ ነጋዴ «ቅባት የሌለው ወተት ምን ይረባል?» ብላ ስቃብኛለች። በመጨረሻ አንድ ፋርማሲ ውስጥ አገኘሁ።

ከዚያ የደንገጎን ዳገት ወጥተን ወደ ሐረማያ አካባቢ ሄድን። ከድሬ ጠዋት በሸሚዝ ወጥቼ ላይ ስደርስ ጃኬት ፍለጋ ሻንጣ ውስጥ ነበርኩ። ብርዱን ለራሴ እንጂ ለስትሪፑ አላሰብኩለትም። በፈሳሽ ውስጥ የሚያልፍ ከረንት በእያንዳንዱ ዲግሪ ከ1 እስከ 2 በመቶ ይለዋወጣል። ድሬ ላይ 34 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ መነሻ ቁጥሬን፣ ማለትም ባክቴሪያ በሌለበት የሚያልፈውን ከረንት፣ ይዣለሁ፣ እዚህ ጠዋት 16 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ንጹሕ ውሃ እንኳን ስለካ መሣሪያው «በሽታ አለ» አለኝ! አንድ ሙሉ ጠዋት መሣሪያው ተበላሽቷል ብዬ ገመድ ስነቅል ስሰካ ዋልኩ። ከዚያ ወዲህ የድሬን ቁጥር ይዤ ዳገት አልወጣም። መነሻውን እዚያው ማሳው ዳር፣ በዚያው ሰዓት እለካለሁ።

ይሄ ቀላሉ ነበር። ከባዱ የድንቹ ጭማቂ ሆነ።

ግንዱን በትንሽ ሙቀጫ ቀጥቅጬ፣ አጥልዬ፣ ስትሪፑ ላይ ሳደርገው ከረንቱ ወረደ። ደስ አለኝ። ከዚያ ምንም ያልነካውን ተክል ቀጠቀጥኩ። እሱም ወረደ፣ ያውም ከበሽተኛው በላይ። ድንች ልጣችሁ ትንሽ ካቆያችሁት ይጠቁራል አይደል? ያን የሚያጠቁረው ነገር፣ ፖሊፌኖል ነው፣ ኤሌክትሮዱም ላይ እየተጋገረ ይደፍነዋል። ለሴንሰሩ መንገዱን የዘጋው ማን እንደሆነ አይገባውም፤ የሚያውቀው መዘጋቱን ብቻ ነው።

እናቴ ድንች ስትልጥ እንዳይጠቁር ሎሚ ጠብ ታደርግበታለች። እኔም ብልጥ ሆኜ ጭማቂው ላይ ቫይታሚን ሲ ጨመርኩ። መጥቆሩ ቆመ። ግን ቫይታሚን ሲ ራሱ ኤሌክትሮዱ ላይ ኤሌክትሮን በቀላሉ የሚሰጥ፣ ፌሪሳይናይዱንም የሚለውጥ ነገር ነው። እጥበቱ ላይ ትንሽ ከተረፈ በቂ ነው፣ ቁጥሩ ጣሪያ ይነካል። አሁን ደግሞ ሁሉም ጤነኛ ሆነ። ይሄን አስቀድሜ ማወቅ ነበረብኝ፤ የተማርኩት ኬሚስትሪ ነው፣ ሎሚው አዘናግቶኝ ነው እንጂ።

ሦስተኛው ቀን ላይ የቀበሌው ዲኤ፣ የግብርና ልማት ሠራተኛዋ፣ መጣች። ለትንሽ ጊዜ ስቀጠቅጥ ዝም ብላ አየችኝና «አቦ፣ ይሄን ሁሉ ለምን ታደቀዋለህ?» አለች። ከባለማሳው ቤት የሻይ ብርጭቆ አስመጣች። ንጹሕ ውሃ ሞላችበት። ከጠወለገው ተክል ግንዱን ከመሬት ከፍ አድርጋ ቆረጠችና የስንጥር እንጨት ሰክታበት፣ የተቆረጠው ጫፍ ብቻ ውሃውን እንዲነካ አድርጋ አንጠለጠለችው። «ዝም ብለህ እይ» አለችኝ።

ጎንበስ አልኩ። ሁለት ደቂቃ ገደማ ምንም የለም። ከዚያ ከግንዱ ጫፍ ላይ እንደ ወተት የነጣ ቀጭን ክር ቀጥ ብሎ ወደ ታች መውረድ ጀመረ፣ ከዚያ ሌላ ክር፣ ከዚያ ሌላ። ታች ሲደርስ ይበተናል። ያ ክር ባክቴሪያ ነው። በውሃ ጥም ወይም በፈንገስ የጠወለገ ግንድ ይሄን አያወርድም። የቆየ ዘዴ ነው፤ እኔም ስለሱ አንብቤያለሁ፣ «ኋላ ቀር ነው» ብዬ ነው ያለፍኩት።

ባለማሳው አባባ ብርጭቆውን አይተው በኦሮምኛ የሆነ ነገር ተናገሩ፣ ዲኤዋ ሳቀች። «ይሄን ካሳየ ያንተ ስልክ ምን ይጨምራል እያሉህ ነው» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ማታ ሐረር ሸዋ በር አካባቢ የያዝኩት አልጋ ላይ ተጋድሜ ነው የገባኝ። ብርጭቆው ውስጥ ባክቴሪያው ራሱ ነው የወጣው። ግንዱ አልተቀጠቀጠም፣ ስለዚህ የሚያጠቁረው ጭማቂ እዚያው ውስጡ ቀርቷል። እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ላጣራው የታገልኩትን ነገር ግንዱ ራሱ አጣርቶ ሰጥቶኛል!

በማግስቱ ሙቀጫውን መኪናው ውስጥ ተውኩት። አሥራ ሁለት ግንድ አንጠለጠልኩ፣ ስድስቱ ከዚያው ማሳ የተወሰዱ ጤነኛ የሚመስሉ። አሥር ደቂቃ አቆይቼ ከብርጭቆው ውሃ ጠብታ ወስጄ ለካሁ። አሁን ጤነኞቹ መነሻው አካባቢ ቆዩ፣ የጠወለጉት ወረዱ። ከጤነኞቹ አንዱ ግን ወረደ። በዓይን ክር አይታይበትም ነበር። ዲኤዋ ምልክት አደረገችበት፤ በሳምንቱ ደውላ «ያ ተክልህ ተኛ» አለችኝ። በአንድ ተክል አልፎክርም፣ ግን ለአባባ ጥያቄ የመጀመሪያ መልሴ እሱ ነው።

አንድ ሳልናገረው የማላልፈው ጥፋት አለ። ልኬቱን ስጨርስ የብርጭቆውን ውሃ እዚያው መደብ ላይ ልደፋው እጄን አነሳሁ። ዲኤዋ ጮኸችብኝ። እውነቷን ነው፤ በሽታ ልመረምር መጥቼ ባክቴሪያ ልዘራ ነበር። ቢላዬም ከተክል ወደ ተክል ሳይጸዳ ነበር የሚዘዋወረው፣ ጫማዬ ላይም የማሳው ጭቃ አለ። አሁን ቦርሳዬ ውስጥ መጀመሪያ የሚገባው በረኪና ነው። ቢላው በእያንዳንዱ ቆረጣ ይነከራል፣ ብርጭቆው ውስጥ በረኪና ተጨምሮ ይቆያል፣ ከዚያ ከማሳው ርቆ ይደፋል። አንቲቦዲ የለጠፍኩባቸው ስትሪፖች ደግሞ ከበረዶ ጋር አይስ ቦክስ ውስጥ ናቸው። ድሬ ላይ መብራት ጠፍቶ ፍሪጅ ውስጥ ያደሩት አንድ ጥቅል ስትሪፖች ምንም ነገር መያዝ አቁመው አግኝቻቸዋለሁ።

አሁን የያዝኩት የዘር ድንች ነው፣ ዋናው ጥቅሙም እዚያ ነበር። በደጋ ብርድ በሽታው ምልክት ሳያሳይ ድንቹ ውስጥ ተደብቆ ይቆያል፣ ገበያ ወጥቶ ለዘር ይሸጣል። አውሮፓ ውስጥ ለአንድ ምርመራ 200 ድንች ነው የሚወሰደው፤ ከእያንዳንዱ ከእናት ተክሉ ጋር የተያያዘበት ጫፍ፣ እትብቱ እንበለው፣ ትንሽ ይቆረጥና ተዘፍዝፎ ይመረመራል። እኔም እትብት እየቆረጥኩ እዘፈዝፋለሁ። ግንድ የሚያፈሰውን ያህል ድንች አያፈስም። እስካሁን ከጤነኛው የተለየ ቁጥር ያገኘሁት ሲቆረጥ ቡናማ ቀለበት የሚያሳየው ድንች ላይ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ አባባም በዓይናቸው ያዩታል።