የመጋቢት በረዶ አይታመንም

ሰሞኑን ደሴ ነኝ። ሁዳዴ ነውና ሽሮና ምስር ሲፈራረቁብኝ ቅዳሜ ዕለት የአክስቴን ልጅ ይዤ ሐይቅ ወረድኩ። 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። አሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለእናንተ ትቻለሁ፤ እናቴ ፊት ግን እንዳታነሡብኝ።

ቆሮሶው ተጠብሶ እስኪመጣ ልጁ ስልኬን ሲነካካ አንድ ፎቶ አገኘ። አሜሪካ፣ የምኖርበት ሚኒሶታ ነው። ባልዲ ገልብጬ ተቀምጫለሁ፣ ዙሪያው ነጭ ነው፣ እግሬ ሥር ቀዳዳ አለ፣ በቀዳዳው ክር ወርዷል።

«ጋሼ፣ ይሄ ሜዳ ነው ሐይቅ?»

«ሐይቅ።»

«ታዲያ አትሰምጥም እንዴ?»

ሰምጬ አውቃለሁ! ልጁ ዘንድሮ ወደ እኔ ሊመጣ ወረቀቱን እየጨረሰ ነው። ለእሱ ያወራሁለትን እዚህም ልጻፈው፣ አዲስ ገቢ የሆነ ሰው ሳያነበው አይቀርም።

መጀመሪያ ሕጉ። እዚያ አገር ዝም ብሎ መንጠቆ መጣል የለም፣ ዕድሜህ 16 ከሞላ ፈቃድ ትገዛለህ። እኔ የገዛሁት ክረምታቸው ሳይገባ ነበርና አንድ ዓመት ሙሉ የሚቆይ መስሎኝ ኪሴ ከትቼው ዞርኩ። ለካ የፈቃዱ ዓመት የሚያልቀው ፌብሩዋሪ ሲያልቅ ነው፣ በእኛ የካቲት 21 አካባቢ፣ ዓድዋ ሊከበር ሁለት ቀን ሲቀረው። መጋቢት ላይ ተቆጣጣሪው መጥቶ ሲጠይቀኝ በኩራት አውጥቼ ሰጠሁት። አየው፣ አየኝ፣ መለሰልኝ። በማስጠንቀቂያ አለፈኝ እንጂ ሊቀጣኝም ይችል ነበር።

ሌላው ደግሞ ዎልአይ የሚሉት የሚወዱት አሣ አላቸው። እሱ የካቲት ላይ ይዘጋል። በረዶው ሲቀልጥ እንቁላሉን የሚጥልበት ጊዜ ስለሆነ እንዲራባ ይተዉታል። እኛ ሁዳዴ ገብቶ አሣ አሣ ስንል፣ እነሱ በሩን ጥርቅም! ትንንሾቹን፣ ክራፒና ሰንፊሽ የሚባሉትን ግን በልኩ መያዝ ይቻላል። በበረዶ ቀዳዳ ሁለት መንጠቆ ይፈቀድልሃል፣ ውኃው ሲከፈት አንድ ብቻ። በረዶው ላይ የሚተክሏትን ጎጆም ማርች ላይ ቀን ቆርጠው ያስነሱሃል፤ ደቡቡ ቀድሞ፣ ሰሜኑ ሁለት ሳምንት ቆይቶ። ካላነሳሃት ሐይቁ ውስጥ ትገባለቻ።

አሁን ወደ መስመጤ። አብሮኝ የሚሠራ የኮምቦልቻ ልጅ አለ። ሦስት ካፖርት ደራርቦ ሲመጣ «ቆለኛ!» እያልኩ እስቅበት ነበር። የደሴን ብርድ በጋቢ ያሳለፈ ሰው ምን ይሆናል ብዬ! እሱ ግን አንገቱ ላይ እንደ ማተብ ያንጠለጠላት ነገር ነበረችው፣ ሁለት እጀታ፣ ጫፋቸው ሹል። «ምንድን ናት?» ስለው «ብትወድቅ በረዶውን ወግተህ የምትወጣባት» አለኝ። ሳቅሁ።

ጠዋት ስንገባ ዳሩ ድርቅ ብሎ ነበር፣ ሌሊቱን በርዶ አድሯል። መሐል ላይ ስንቦረቡር ውፍረቱ ከስንዝር በላይ ነው። አዲስ የረጋ፣ ጥርት ያለ በረዶ ግማሽ ስንዝር፣ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ሰው ይሸከማል ይላሉ። የእኛ እጥፍ ነው ብዬ ተዝናናሁ። ያላወቅሁት፣ የመጋቢት በረዶ በውፍረት አይለካም። ፀሐይ ውስጥ ውስጡን ትበላውና እንደ እንጀራ ዓይን ዓይን ያወጣል፣ ቀጥ ቀጥ ያለ መርፌ ይሆናል፣ ወፍራም ሆኖም ይፈረካከሳል። ደግሞ ቀድሞ የሚለቀው ዳሩ ነው። ከሰዓት በኋላ ስንመለስ፣ ዳሩ ላይ ልደርስ አሥር እርምጃ ሲቀረኝ፣ ጧ አለ፣ እስከ ደረቴ ገባሁ።

ብርዱን ልነግራችሁ አልችልም። ትንፋሽ ነው የሚነጥቅህ፣ ሳትፈልግ ትስባለህ፣ አፍህ ውኃ ውስጥ ከሆነ አለቀ። እዚያ የሚያስተምሩት አንድ፣ አሥር፣ አንድ የሚል ቁጥር አለ። ትንፋሽህን ለማረጋጋት አንድ ደቂቃ፣ እጅና እግርህ የሚታዘዙህ አሥር ደቂቃ፣ ራስህን እስክትስት አንድ ሰዓት ግድም። ዋና መቻል ብቻውን አይበቃም፣ ጡንቻው ራሱ ይከዳሃል፤ ውኃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ላይፍ ጃኬት ልበስ የሚሉህ ለዚህ ነው።

ያ ቆለኛ እየሮጠ አልመጣም። ቢመጣ ሁለታችንም እንሰምጥ ነበር። በሆዱ ተኝቶ ሹሎቹን ወረወረልኝና «ወደ መጣህበት ዙር! እግርህን አራግብ! ስትወጣ እንዳትቆም፣ ተንከባለል!» እያለ ጮኸብኝ። የመጣህበት በረዶ ቢያንስ ተሸክሞህ ነበር፣ የፊትህን ግን አታውቀውም። ወጣሁ። መኪና ውስጥ ልብሴን አውልቄ ሦስቱን ካፖርት ለበስኩ። አሁን ቆለኛ አልለውም።

ማታ ቤት ስንመለስ ልጁ አፉ አላረፈም፣ ለእናቴ ሁሉንም ዘረገፈላት። «ምነው ልጄ! አሣ አማረኝ ብለህ?» አለች፣ ቀጥላም ወደ እሱ ዞራ «አንተም አትሄዳትም!»

«ዎልአዩ መቼ ነው የሚከፈተው?» አለ ልጁ፣ እንዳልሰማ ሆኖ።

«በልደታ ሰሞን» አልኩት። በረዶው ያኔ አብዛኛው ቦታ ሄዷል፣ ውኃው ግን ገና ይነክሳል።

እናቴ ትንሽ አሰበች። «በልደታማ ይሁን» አለች፣ «ጃኬቷን ግን ለብሶ።»