«ማን ያየዋል?»

«ማን ያየዋል?» የሚለውን አባባል ከዚያ ሥራ በኋላ ስሰማ ደሜ ይፈላል።

አንድ ነባር ድርጅት የምሥረታ በዓሉን ሊያከብር ነበር። የመጀመሪያው የኮምፒውተር መዝገቡ በድረ ገጽ ላይ እንደገና ነፍስ ዘርቶ እንዲታይ ፈለገ። ዲቤዝ በሚባል የድሮ የመረጃ መዝገብ ፕሮግራም የተሠራ የደንበኞች መመዝገቢያ ነው። ሰማያዊ ስክሪን፣ ግራጫ ጽሑፍ፣ ዙሪያውን ድርብ መስመር። ከስክሪኑ ላይ የተነሱ የድሮ ፎቶዎች ሰጡን። ፎንቱም ገጹም የእኔ ድርሻ ሆነ።

አለቃችን ዲዛይነር ነው። ገና ሥራው ሲጀመር «አረንጓዴ አድርጊው» አለኝ። «ፊደሉ ያብራ። አንድ በአንድ እየተተየበ ይምጣ። የኪቦርድ ድምፅም ጨምሪበት።» ፎቶውን አሳየሁት። «ሰው ድሮ ሲባል የሚያስበው አረንጓዴ ነው» አለ።

አረንጓዴውስ እውነት ነው። ግን የሌላ ማሽን እውነት ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 የመጀመሪያውን ፒሲ ሲያወጣ አብሮት የነበረው ባለ አንድ ቀለም ሞኒተር አረንጓዴ ነበር። የእኛ ፎቶ ግን የቪጂኤ ስክሪን ነው፤ ቪጂኤ፣ ማለትም ምስሉን ወደ ስክሪን የሚያወጣው የካርድ ዓይነት፣ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ሰማያዊው ከ0 እስከ 255 በሚለካው የቀለም መጠን ቁጥሩ ሳይቀር ይታወቃል፦ ቀይ 0፣ አረንጓዴ 0፣ ሰማያዊ 170። ግራጫው ሦስቱም 170 ነው። በግምት የሚቀባ ነገር የለውም።

ፎንቱ ላይ ደግሞ ልቤን የሰረቀ ነገር አለ። በቪጂኤ የጽሑፍ ስክሪን እያንዳንዱ ፊደል ማኅደረ ትውስታ ውስጥ 8 ነጥብ ስፋት አለው። ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ግን 9 ይሆናል። ዘጠነኛዋ ባዶ ናት፤ ፊደል ከፊደል እንዳይጣበቅ ካርዱ የሚጨምራት ናት። ታዲያ ፊደል ሲሆን ጥሩ ነው፤ አግድም መስመር ሲሆን ግን በየ8 ነጥቡ ይቆራረጣል። ስለዚህ የኮድ ቁጥራቸው ከ192 እስከ 223 የሆኑት ምልክቶች ላይ ካርዱ ስምንተኛዋን ነጥብ ዘጠነኛው ላይ ይደግማታል። አግድም መስመሮቹና የግራ ማዕዘኖቹ ኮዳቸው እዚያ መሃል ነው። የድርብ መስመሩ የቀኝ ማዕዘኖች ከዚያ ውጭ ናቸው፤ ወደ ቀኝ የሚቀጥል ነገር የላቸውማ! ይህን ሳውቅ ከወንበሬ ተነሣሁ። የፊደል ገበታውን ያሰናዳው ሰው ስለ አንዲት ነጥብ እንዲህ ተጨንቋል። እኔ ደግሞ ፎንቱን ስሠራ ያችን ነጥብ ለእነዚያ ምልክቶች ብቻ ደገምኩላቸው። መስመሩ ተያያዘ።

ከዚያ አማርኛው መጣ። ድርጅቱ ገጹ በአማርኛም እንዲነበብ ይፈልጋል። የቪጂኤ ፎንት ውስጥ አማርኛ የለም። ብራውዘሩ ፊደሉን ሲያጣ ከሌላ ፎንት ይበደራል፤ የተበደረው ፊደል ስፋቱ ለአንድ ፊደል በተመደበው ቦታ ልክ አይደለም። ውጤቱን የሞከረ ያውቀዋል። የዙሪያው ሳጥን የቀኙ መስመር በየረድፉ አንዴ ይወጣል አንዴ ይገባል።

አለቃችን መጥቶ አየው።

«የቀኙን መስመር አንሺው በቃ» አለኝ።

«ሳጥን እኮ ነው። የቀኝ ግድግዳ ከሌለው ምኑን ሳጥን ሆነ?»

«ማን ያየዋል?»

«የሠሩበት ሰዎች ያዩታል።»

«እነሱማ ጡረታ ወጥተዋል። ገጹን የሚከፍተው ወጣቱ ነው።»

ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ግን ተስማምቼ አልነበረም። ያ ስክሪን 80 በ25፣ በድምሩ 2,000 ቤት ነው፤ እያንዳንዱ ቤት የአንድ ፊደል ቦታ ነው። ከዚያ ሌላ ምንም የለውም። መስመሩም፣ ፊደሉም፣ ባዶውም ቦታ እኩል ቤት አላቸው። አንዱን ቤት እንዳሻው ሲለቁት የቀረው ሁሉ ዋጋ ያጣል። ይህ ለእኔ የውበት ጉዳይ አይደለም፤ ነገሩ ራሱ ይኸው ነው።

ስለዚህ የአማርኛውን ፊደል ነጥብ በነጥብ ልሥለው ተቀመጥኩ። መጀመሪያ በአንድ ቤት ሞከርኩ። የቪጂኤ ፎንት የላቲን ፊደል ቋሚው 2 ነጥብ ውፍረት አለው። «ጠ» ሦስት እግር አላት። ሦስቱ እግሮች ሁለት ሁለት ነጥብ፣ በመሃላቸው አንድ አንድ ክፍተት፣ ድምሩ 8። ልክ ገባች! ግን «ጡ» ስትመጣ ክንዷን የምትዘረጋበት የለም። «ጤ» ቀለበቷን የምታስቀምጥበት የለም። እግሩን ወደ አንድ ነጥብ ባቀጥነው ደግሞ ከላቲኑ አጠገብ የከሳ ይመስላል። ስለዚህ እያንዳንዱን የአማርኛ ፊደል ሁለት ቤት ሰጠሁት። 80 ቤት 40 የአማርኛ ፊደል ይይዛል። የቀኙ መስመር ቀጥ አለ።

ሌላም ክርክር ነበረን። በዲቤዝ ኢንተር ማለት ወደሚቀጥለው ቦታ እለፍ ማለት ነው፤ በድረ ገጽ ፎርም ግን ኢንተር ሲጫኑ ፎርሙ ይላካል። እሱን አስተካከልኩት። ኮንትሮል ደብሊው ግን ከባድ ነው። በዲቤዝ መዝግበህ ውጣ ማለት ነው። በብራውዘር ደግሞ ታቡን ይዘጋዋል፤ ገጹ ሊከለክለው አይችልም። ክሮም ላይ ግን ገጹ ሙሉ ስክሪን ከያዘ ቁልፎቹን ለራሱ ማስቀረት ይችላል። ሙሉ ስክሪን ይሁን ብዬ በጽሑፍ ጠየቅሁ። አለቃችን ከላይ ሎጎው መታየት አለበት አለ። «ደግሞ ኮንትሮል ደብሊው ማን ይጫናል? ማውስ አለ።» አማራጭ ሳጣ፣ የሚተየበው ሁሉ ወዲያው ብራውዘሩ ውስጥ እንዲቀመጥ አደረግሁ።

የማሳያው ቀን ድርጅቱ በመዝገቡ ላይ ለዓመታት የሠሩ አንዲት ጡረተኛ እናት ይዞ መጣ። ወንበሩን አስተካክለው ተቀመጡ። ማውሱን ገፋ አደረጉና ኪቦርዱን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ስም፣ ኢንተር። የአባት ስም፣ ኢንተር። ስክሪኑን እንጂ እጃቸውን አላዩም። ጨረሱና ሳያስቡት ኮንትሮል ደብሊው ተጫኑ።

ገጹ ጠፋ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። እሳቸው ግን አልደነገጡም። ወደ እኔ ዞር ብለው «ተመዝግቧል አይደል?» አሉኝ።

አለቃችን ቀደመኝ። «ይቅርታ እናቴ፣ ማውሱን ቢጠቀሙ ይሻላል።»

«ማውስ አልነበረንም እኮ ልጄ። ደግሞስ እጄን ከኪቦርዱ ለምን አነሣለሁ?»

«ተመዝግቧል እትዬ» አልኳቸውና ገጹን መልሼ ከፈትኩ። ስሙ እንዳለ አለ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንደዚያ መሆን ነበረበት እንደማለት። እኔ ግን እንባዬ መጣ። ከዚያ በፊት ማንም ሰው ሥራዬን እንደ ሥራ ተጠቅሞበት አያውቅም።

ከዚያ በጣታቸው የቀኙን መስመር ነኩ። «እዚህ ሲደርስ ይቆም ነበር። ስሙ ከረዘመ የአያት እንቆርጣለን። ሰዎች ይቆጡን ነበር» አሉ። አለቃችን አጠገባቸው ቆሞ ነበር። ምንም አላለም።

አማርኛውን ሳሳያቸው ወደዱት። ግን እንዲህም አሉ፦ «ይሄ አልነበረም። እኛ የምንጽፈው በእንግሊዝኛ ፊደል ነበር። ፀሐይን አንዱ በቲ ይጀምራታል፣ አንዱ በኤስ። አንዲት ደንበኛ ሁለት ቦታ ትመዘገባለች። ስንፈልግ እንውላለን።» ልክ ናቸው። እኔ ስለ አንዲት ነጥብ እውነትነት ስሟገት ከርሜ፣ በዚያ ማሽን ላይ ያልነበረ ፊደል ሠርቻለሁ። ያም ሆኖ አላጠፋሁትም። ቪጂኤ በአንድ ጊዜ 512 ምልክት ማሳየት ይችላል፤ የሚያጣው ደማቆቹን የጽሑፍ ቀለሞች ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት 231 ናቸው። ጠበብ አድርጎ በአንድ ቤት ለሣላቸው ሰው ከላቲኑ ጋር ይገቡ ነበር። ማሽኑ አልከለከለንም። እነዚያ ስሞች በፊደላቸው ሊጻፉ ይችሉ ነበር፤ ይህን ማሳየት ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ገጹ ሲከፈት የሚመጣው ግን እሳቸው የሚያውቁት ነው። አማርኛው በኤፍ 2 ቁልፍ ይመጣል።

ሙሉ ስክሪኑ በማግስቱ ተፈቀደ። አረንጓዴው ግን የመግቢያው ገጽ ላይ ቀርቷል፤ ድምፁም አለ። እሱ ላይ አልተሳካልኝም። አሁን የቀረን ክርክር ስለ ስም ርዝመት ነው። ረጅም ስም የሚያስገቡ ጎብኚዎች የአያት ስማቸው ስለሚቆረጥባቸው አለቃችን ገደቡን አንሺው ይለኛል። እሳቸው መስመሩን ነክተው ያሉትን እነግረዋለሁ። ገደቡን አላነሣሁም፤ አላነሣምም።