ችግኝ ከመትከላችሁ በፊት የውሃውን ነገር ጨርሱ

"ዓለም እየነደደች የኛ ጥቂት ዛፍ ምን ይፈይዳል?" ጎረቤቶቼን ለተከላ ስጠራ ብዙዎቹ ያሉኝ ይህንኑ ነው። የኬንያዊቷን የዋንጋሪ ማታይን ታሪክ ነገርኳቸው። እሷ እ.ኤ.አ. በ1977 ኬንያ ውስጥ በ7 ዛፎች የጀመረችው የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄ፣ የገጠር ሴቶች ይዘውት በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዛፍ ተክሏል። መጡልኝ።

ጉድጓዱም ችግኙም አላስቸገረንም። ብቻ ችግኙ ያለበትን ጥቁር ፕላስቲክ ሳትቀድዱ እንዳትተክሉ፤ ሥሩ እዚያው ተጠምዝዞ ይቀራል።

ያንገበገበኝ ከተከላው በኋላ የመጣው ነው። በተከላው ቀን የቢሮ ሰዎች መጥተው ፎቶ ተነሱ፣ ችግኙን ቆጠሩ፣ ሄዱ። ዝናቡ ቆመ። ከቦታው አጠገብ ቧንቧ አለ፤ ግን ተቆልፏል፣ ቁልፉም ቢሮው ጋ ነው። ስንጠይቅ "ደብዳቤ አምጡ" ተባልን። አመጣን። "ማኅተም የለውም።" አስመታን። "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ተመለሱ።" በመጨረሻ አንዱ ባለሙያ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ "የተከላው ሪፖርት ተልኳል፣ ሥራው ተዘግቷል" አለኝ። ችግኙ ጫፉ እየደረቀ፣ ቅጠሉ በእጅ ሲነካ እየተፈረፈረ! አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

"ተወካይ ላኩ" ይሏችኋል። እንዳትልኩ። አንድን ሰው መመለስ ቀላል ነው። እኛ ሁላችንም ሄድን፤ አዛውንቶቹም፣ ልጅ ያዘሉ እናቶችም። ኮሪደሩ ሞላ። ማንም አልጮኸም፣ ማንም ግን አልተነሳም። ኃላፊው ከስብሰባ ወጡ። ቁልፉን የዚያኑ ዕለት ተቀበልን። ከዚያ ቀን ወዲህ "ምን ይፈይዳል?" የሚል ሰው አልሰማሁም።

ቢሮው በብዛት ትከሉ ይላል። እኔ የምለው፦ በተራ ማጠጣት የምትችሉትን ያህል ብቻ ትከሉ። በየቀኑ ላይ ላዩን ከመርጨት ረጋ ብሎ እስከ ሥሩ ማጠጣት፣ ዙሪያውንም በደረቅ ሣር መሸፈን ይሻላል። ደግሞ ዛፍ ተከልን ብላችሁ እንዳትቀመጡ። ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅና ከጋዝ የሚወጣው ካርቦን ካልቀነሰ ሙቀቱ አይቆምም። ይህም በጋራ ይቻላል። ሀገራት እ.ኤ.አ. በ1987 ሞንትሪያል ላይ ተስማምተው ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከላከለንን የኦዞን ሽፋን የሚጎዱ ኬሚካሎችን በመቀነሳቸው ሽፋኑ እያገገመ ነው።

አሁን ለዚያው ቢሮ ሌላ ደብዳቤ አስገብተናል። የተተከለው ብቻ ሳይሆን ከዓመት በኋላ የጸደቀውም ተቆጥሮ ሪፖርት ይደረግ ብለናል። ሁላችንም ፈርመናል፤ መልሱንም ሁላችንም ሄደን እንጠይቃለን።