«ጋሼ፣ ይቺን ስላይድ ብንዘላትስ?»

አንድ መሥሪያ ቤት ለሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዎች ባዘጋጀው የመረጃ አጠቃቀም ሥልጠና ላይ የጋዜጣው ክፍል የእኔ ድርሻ ነበር። ጠዋት የተቀነባበረ ፎቶግራፍ እንዴት እንደሚለይና የቆየ ቪዲዮ እንደ አዲስ ሲሰራጭ ምንጩ እንዴት እንደሚፈለግ ስናይ፣ ኃላፊው ከፊት ወንበር ተቀምጠው በመስማማት ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ከሻይ በኋላ የሚቀርበው የባለቤትነት ስላይድ መሆኑን ሲያዩ ግን ወደ ኮሪደሩ ወሰዱኝ።

«ጋሼ፣ ይቺን ስላይድ ብንዘላትስ?»

ስላይዷ ምስጢር አልያዘችም። የኢትዮጵያ ፕሬስ ድርጅትና ኢቢሲ በአዋጅ ተጠሪነታቸው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መሆኑን፣ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው አዲስ ዘመን የመንግሥት መሆኑን፣ አብዛኞቹ የግል ጋዜጦችም በ1914 ዓ.ም. በተቋቋመው የመንግሥት ማተሚያ ቤት፣ በብርሃንና ሰላም፣ ሲታተሙ መኖራቸውን ብቻ ነበር የምትናገረው። ታዲያ ሐሰቱ የቱ ላይ ነው ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሐሰትማ የለውም። ግን ሠልጣኙ ዜና ባነበበ ቁጥር ባለቤቱን ማሰብ ከጀመረ ለእኛ ምን ይቀረናል?»

እኔ ለዚህ ሥልጠና ብዙ ገጽ መግቢያ ጽፌ ነበር፤ ትምህርቱ ለምን እንደሚያስፈልግ ግን እንደ እሳቸው አጥርቼ አላስቀመጥኩትም። የሆነ ሆኖ አበሉ ገና አልተከፈለምና ስላይዷን ዘለልኳት።

ከሰዓት በኋላ አንድ የመንግሥትና ሁለት የግል ጋዜጦች አድዬ አንዱን ዜና እንዲያነጻጽሩ ሳዝዝ፣ ከክልል የመጣ አንድ ወጣት ሠልጣኝ ዜናውን ትቶ በትንንሽ ፊደል የታተመውን የአሳታሚና የአታሚ ስም ሲመረምር ቆየና እጁን አወጣ። «የሦስቱም አታሚ አንድ ነው። አታሚው ያልወደደውን ጽሑፍ አላትምም ቢል ጋዜጣው የማን ሊባል ነው?» ኃላፊው ስልካቸው ላይ አቀረቀሩ። ጥያቄ ደግሞ አይዘለልምና፣ በ2004 ዓ.ም. ማተሚያ ቤቱ ለአሳታሚዎች ያቀረበው ውል ሕግ ይጥሳል ብሎ ያመነበትን ጽሑፍ ያለማተም መብት ለራሱ የሚሰጥ እንደነበረ፣ አሳታሚዎቹም ሕገ መንግሥቱ የከለከለው ቅድመ ምርመራ (ሳንሱር) በጓሮ በር መመለሱ ነው ብለው እንደተቃወሙ ነገርኩት። ወጣቱ ሁሉንም ጻፈ፤ ከጎኑ የነበሩትም ከእሱ ገለበጡ።

በቀጣዩ ዙር ጋዜጦቹ ከሥልጠናው ቁሳቁስ ዝርዝር ወጥተው በምትካቸው የፌስቡክ ገጾች ቅጂ ገባ። እኔም ፌስቡክን፣ ኢንስታግራምንና ዋትሳፕን የያዘው ሜታ የተባለው ኩባንያ መሆኑን፣ በኩባንያው ውስጥ ከግማሽ በላይ የሆነው የድምፅ ሥልጣን በማርክ ዙከርበርግ እጅ እንደሚገኝ የሚያሳይ ስላይድ አዘጋጀሁ። ኃላፊው ይህቺን አላዘለሉኝም፤ እንዲያውም ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ አንባቢ ከዜናው በስተጀርባ ያለውን ባለቤት ማወቅ መብቱ እንደሆነ ለሠልጣኞቹ ሰፊ ማብራሪያ ሰጡ።